ውሻን በሰባት ማባዛት ይቅርብን

የውሻ አንድ ዓመት የሰው ሰባት ነው የሚለውን ስሌት ፈጽሞ አልቀበለውም። ሴት ውሻ ዓመት ሳይሞላት ልታረግዝ ትችላለች፤ የትኛዋ የሰባት ዓመት ልጅ ናት የምታረግዘው?

በ2020 እ.ኤ.አ. የሳንዲዬጎው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ100 በላይ የላብራዶር ውሾችን ዘረመል ከሰው ጋር አነጻጽረው ነበር። በእነሱ ቀመር የአንድ ዓመቱ ውሻ የ31 ዓመት ጎልማሳ፣ የአራት ዓመቱ ደግሞ የ53 ዓመት ሰው አቻ ነው። የውሻ እርጅና መጀመሪያ ላይ ይሮጣል፤ ኋላ ይረግባል። ዝርያውም ይለያያል፦ ግዙፉ ግሬት ዴን 10 ዓመት እምብዛም አያልፍም፣ ትንሿ ቺዋዋ 15 ልትደፍን ትችላለች።

እርጅናን ካነሳን፣ የእኛ ግቢ ጠባቂ ቡቺ፣ ያው ያገሬው ውሻ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጎረቤቴ «ይሄማ ጃጀ፤ ቡችላ አምጪና እሱን ልቀቂው» ትለኛለች። ስንቱ ሰፈር ነው እንዲህ በር ጠብቆ ያረጀውን ውሻ አስፋልት ላይ የሚጥለው! ነውር ነው። ቡቺ ሲነሳ የኋላ እግሩ ይይዘዋል፣ ጥርሱም አልቋል። ስለዚህ ሲሚንቶው ላይ ጆንያ አነጠፍኩለት፤ እንጀራውንም በመረቅ አርሼ እሰጠዋለሁ። ሌባ ከመጣ ደግሞ አሁንም ይጮኻል፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ።