በውጭ አገር ስለሚነግድ ሰውና ስለ ወረቀቱ

ንግድ ለአንድ አገር ብልጽግና ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ እንደ ሆነ ማንም የሚያውቀው ነው። ነገር ግን ንግድ በገንዘብና በትጋት ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአገሩ ገበያ ለሚነግድ ሰው ይህ በከፊል ሊበቃው ይችል ይሆናል፤ ድንበር ተሻግሮ ለሚነግድ ሰው ግን ሦስተኛ ነገር ያስፈልገዋል፤ እርሱም በሕግ የጸና ወረቀት ነው።

ከመገናኛ ተነሥቶ በኢምፔሪያል በኩል ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ሻንጣውን ይዞ የሚያልፈው ነጋዴ ጥቂት አይደለም። አንዱ ወደ ዱባይ፥ አንዱ ወደ ጓንዡ፥ ሌላውም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። የብዙዎቹ ጥሪት የራሳቸው ብቻ አይደለም፤ ከወንድምና ከእኅት የተበደሩት፥ ከዕቁብ ያወጡት፥ ወይም ቤት አስይዘው ከባንክ የወሰዱት ነው። እንግዲህ በዚህ ገንዘብ የተቋቋመ ሥራ በአንድ ማኅተም ጉድለት ወይም ቀኑ ባለፈ ቪዛ ምክንያት ሲቆም ጉዳቱ በአንድ ሰው ላይ ብቻ የሚቀር አይሆንም።

አንዳንድ ሰው የባዕድ አገር መሥሪያ ቤት ብዙ ወረቀት ሲጠይቀው እንደ ንቀት ይቈጥረዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ መንግሥታት የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው በጥብቅ መመርመር ስለ ጀመሩ፥ እ.ኤ.አ. በ1920 በፓሪስ ስለ ፓስፖርት ጉባኤ ተደርጎ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው ተመክሮበታል። የእኛም አገር ቢሆን ይህንኑ ታደርጋለች። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቍጥር 1180 መሠረት ብቻውን ሥራ ለማቋቋም የሚመጣ የውጭ አገር ሰው ቢያንስ 200,000 የአሜሪካ ዶላር፥ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲሻረክም 150,000 ዶላር እንዲያስመዘግብ ታዟል። እኛ በቤታችን ይህን የምንጠይቅ ከሆነ፥ በሰው አገር ስንጠየቅ ልንደነቅ አይገባንም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግዴታ ከመሄድ አስቀድሞ የሚሄዱበትን አገር ሕግ ማወቅ ነው። ለምሳሌ ከሰኔ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የቻይና ሕግ፥ ከሆቴል ውጭ በሰው ቤት ወይም በኪራይ ቤት ያረፈ የውጭ አገር ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ከተፈቀደለት ቀን በላይ የቈየ ሰውም ጥፋቱ ከበድ ሲል በየቀኑ 500 ዩዋን፥ በጠቅላላው እስከ 10,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ወይም ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል። ዕቃ ለመግዛትና ለመዋዋል የሚሰጠው የንግድ ቪዛም በዚያ አገር ተቀጥሮ ለመሥራት አያበቃም። በዱባይም እ.ኤ.አ. በ1985 እንደ ተቋቋመው እንደ ጀበል ዓሊ ባለ ነጻ የንግድ ቀጠና ፈቃድ ያወጣ ሰው፥ በዚያው ፈቃድ በከተማይቱ ገበያ ሁሉ እንደ ልቡ የሚሸጥ ከመሰለው ተሳስቷል። እነዚህን ነገሮች ከባልንጀራ ወሬ ሳይሆን ከሕጉ ራሱ፥ ወይም ሕግ ከሚያውቅ ሰው መረዳት ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር የእኛኑ ጠባይ የሚመለከት ነው። የኢትዮጵያ ሰው በራሱ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የውጭ አገር ጸሐፊ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይመዘግበዋል። ደግሞም «ጸ» እና «ቀ» የመሳሰሉት ፊደሎቻችን በላቲን ፊደል ሲጻፉ በአንዱ ወረቀት አንድ፥ በሌላው ሌላ ዓይነት ይሆናሉ። የልደት ቀንም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ በ7 ዓመት፥ ከዚያ በኋላ በ8 ዓመት ስለሚለይ፥ በችኰላ የተመለሰ ቀን አንዱን ሰው ሁለት ሰው ያስመስለዋል። በፓስፖርት፥ በንግድ ፈቃድና በባንክ ደብተር ላይ ስሙ ሦስት ዓይነት ሆኖ የተጻፈ ነጋዴ፥ ገንዘቡ የራሱ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ይደክማል። ይህን ለማረም የሚቀለው አገር ቤት ሳሉ ነው።

ሦስተኛው ነገር በኋላ የሚቀረው ቤት ነው። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን ሲሆን፥ ግብርም የራሱ ጊዜ አለው። ነጋዴው በባሕር ማዶ ሳለ ይህ ቀን እንዳያልፍበት የታመነ ወኪል መተው ይገባዋል። ውክልናውም በቃል ሳይሆን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት የጸደቀ፥ ሥልጣኑም ተለይቶ የተጻፈ ይሁን። ይህን ሳያደርግ የሄደ ሰው ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አዘጋጅቶ ይልካል፤ አዲስ አበባ ሲደርስም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እንደ ገና መመዝገብ ያስፈልገዋል። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ወረቀት መብትንም እንደሚያስገኝ መዘንጋት አይገባም። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር በተደረገው የክሎቡኮቭስኪ ውል መነሻነት፥ በአዲስ አበባ ይነግዱ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጉዳያቸው በቆንስላቸው ፊት ወይም ቆንስላቸው ባለበት እንዲታይላቸው ይጠይቁ ነበር። ያ ውል ለአገራችን ነጻነት የማይስማማ ነበር፤ ነጋዴዎቹ ግን ውሉ የሰጣቸውን አንዳች ሳያስቀሩ ያውቁ ነበር። እኛ ግን የራሳችንን እናውቃለንን? ጳጉሜን 2 ቀን 1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው፥ ከመስከረም 28 ቀን 1946 ዓ.ም. ጀምሮም የጸናው የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ውል ኢትዮጵያን የውል ነጋዴና የውል ባለሀብት ቪዛ ከሚፈቀድላቸው አገሮች ተራ አስገብቷታል። በሁለቱ አገሮች መካከል በርከት ያለ ንግድ የሚያካሂድ፥ ወይም በዚያ አገር ከፍ ያለ ገንዘብ ያፈሰሰ ኢትዮጵያዊ፥ ድርጅቱ ቢያንስ በግማሹ የኢትዮጵያ ዜጎች ከሆነ ይህን ቪዛ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው መርማሪው ፊት ይወድቅ ወይም ይነሣ ይሆናል፤ መጠየቅ እንደሚቻል ሳያውቁ መቅረት ግን የተሰጠንን መጣል ነው። እንዲሁም በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 270 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ገብቶ በአገሩ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል።

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በነጋዴው ላይ ብቻ መጣል ፍርድ አይሆንም። መሥሪያ ቤቶችም የሚያስፈልገውን ወረቀት፥ ክፍያውንና የሚወስደውን ቀን በግልጽ ጽፈው ባለጉዳይ በሚያየው ቦታ ሊለጥፉ ይገባል። ዛሬ አንድ ወረቀት፥ ነገ ሌላ ወረቀት እየተባለ የሚመላለስ ሰው ሕግን ሳይሆን ደላላን መፈለግ ይለምዳል፤ ደላላም በበዛበት አገር ሕግ ይቀላል። በጓንዡና በዱባይ ያሉት ቆንስላዎቻችንም የየአገሩን የንግድና የመኖሪያ ሕግ በአማርኛ አሳጥረው አሳትመው ቢሰጡ፥ ለመንግሥት ወጪው ጥቂት፥ ለነጋዴው ጥቅሙ ብዙ ይሆን ነበር።

በባዕድ አገር የሚነግድ ኢትዮጵያዊ የሚያስጠራው የራሱን ስም ብቻ አይደለም። አንዱ ሕግ ጥሶ ሲባረር፥ በኋላው ለሚመጣው ወንድሙ በሩ ይጠብበታል፤ አንዱ ወረቀቱን አሟልቶ ሲታመን ደግሞ ለሌላው መንገድ ይጠርጋል። ስለዚህ ነጋዴው ዕቃውን ከመጫኑ አስቀድሞ ወረቀቱን ይመርምር፤ ሹሙም ማኅተሙን የያዘው ለባለጉዳዩ አደራ እንደ ሆነ ያስብ እንላለን።