62 እና 17፦ ዩኒቨርሲቲ ለመምረጥ የማይበቁ ሁለት ቁጥሮች

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ማለፊያ ያመጣ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣበታል። አባት «የመንግሥት እያለ ለግል የሚከፈል ብር የለም» ይላል። እናት ልጇን ራቅ ወዳለ ክልል መላክ ትፈራለች። ዘመድ ደግሞ ቡናው ላይ «የግል ዲግሪ ወረቀት ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ማስረጃህ ምንድን ነው ሲባል የሚጠቅሳቸው ሁለት ቁጥሮች አሉት፦ 62 እና 17።

ቁጥሮቹ እውነተኛ ናቸው። አገር አቀፉ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 77,981 ተማሪዎች ተቀምጠው 48,632 አለፉ፤ 62.36 ከመቶ ማለት ነው። ከግል ተቋማት 72,203 ተቀምጠው ያለፉት 12,422 ብቻ ነበሩ፤ 17.2 ከመቶ። ማለፊያው ለሁሉም 50 ነበር። ፈተናውም አንድ ዓይነት ነበር። የተፈተኑትም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ስለዚህ «የግሉ አያስተምርም» የሚለው መደምደሚያ በቀላሉ ተሰጠ፤ እስከ ዛሬም ያው ነው።

ችግሩ ያለው መደምደሚያው ላይ ነው። ያን ዓመት የተፈተኑት ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ በር ላይ የጠበቃቸው መመዘኛ አንድ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ከግሉ ከፍ ይል ነበር፤ የመንግሥቱን ቁርጥ ያላሟላ ተማሪ ወደ ግል ይሄድ ነበር። በግሉ በኩል ከተፈተኑት መካከል ደግሞ ቀን እየሠራ ማታ የሚማር፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ በርቀት ሞጁል እያነበበ የጨረሰ ሰው ብዙ ነው። ዶርም አድሮ፣ ካፌ በልቶ፣ ሌሊቱን ላይብረሪ ከሚያሳልፍ የ21 ዓመት ወጣት ጋር ይህን ሰው አስተያይቶ ልዩነቱን በሙሉ ለአስተማሪው መስጠት ሚዛን የጎደለው ፍርድ ነው። በመውጫው ላይ የታየው ልዩነት ትልቁ ድርሻ በመግቢያው ላይ የነበረ ነው።

ይህ ማለት ግን የግል ተቋማት ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም። ከመቶ ተማሪ 83ቱ ሲወድቅ ለዓመታት ክፍያ ሲቀበል የኖረ ተቋም «የመጡልኝ ተማሪዎች ደካሞች ነበሩ» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ደካማ መሆናቸውን እያወቀ ተቀብሏቸዋል፤ በየሴሚስተሩም አሳልፏቸዋል። በአብዛኛው ትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት ሲያድል የኖረ ዲፓርትመንት ተማሪው በመውጫ ፈተና ከ50 በታች ካመጣ፣ ውሸቱ የተነገረው በፈተናው ቀን አይደለም። የመንግሥቱም ወገን ቢሆን የሚኩራራበት ነገር የለውም። በየዓመቱ የተሻለ ውጤት ያላቸውን መርጦ እየወሰደ፣ ምግብና መኝታ እያቀረበ፣ ከመቶ 38ቱን ጥሏል።

ትክክለኛው ንጽጽር ገና እየመጣ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ 50 ከመቶ የሚለው መስፈርት ለመንግሥቱም ለግሉም ሆነ፤ ያላለፈው ደግሞ በሁለቱም በኩል በሪሚዲያል በር ይገባል። እነዚህ ተማሪዎች የአራት ዓመት ትምህርታቸውን ጨርሰው ለመውጫ ፈተና ሲቀመጡ፣ በተቀራረበ መነሻ የገቡ ልጆች የት ምን እንዳተረፉ ማየት ይቻላል።

እስከዚያው ምርጫው አይቆምም። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች ያለፉት 48,929 ናቸው፤ 8.4 ከመቶ። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና እጅግ ብዙ የግል ተቋማት እነዚህንና የሪሚዲያል ተማሪዎችን ይጠብቃሉ። ቀድሞ ተማሪው ነበር ቦታ የሚለምነው፤ ዛሬ ግን ያለፈ ተማሪ ብርቅ ሆኗል። ይህን ያህል የተፈለገ ልጅ ግን አሁንም እንደ ለማኝ ነው የሚመርጠው። አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም የሚመልስለት የለም።

«የመንግሥት ነፃ ነው» ከሚለው እንጀምር። ነፃ አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የወጪ መጋራት ደንብ አለ፤ ተመራቂው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶውን ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ፍሬሽማን ሲገባ የሚፈርመው ወረቀት ይኸው ነው፤ ምን እንደፈረመ አንብቦ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ዲግሪውን በእጁ ለማስገባት ወይም ትራንስክሪፕት ወደ ውጭ ለማስላክ ሲሄድ ያስታውሱታል። ይህም ሆኖ ዕዳው ከግል ክፍያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ለደኃ ልጅ ዛሬም ትልቁ በር የመንግሥቱ ነው። ለአንድ ተማሪ ለቀን ምግብ የተመደበው 22 ብር ሆኖ ለዓመታት ቆይቶ በቅርቡ ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል፤ ገበያ የሚወጣ ሰው ግን 100 ብር ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ስለዚህ ቤተሰብ ብር ይልካል። ትራንስፖርት አለ፣ ስልክና ኢንተርኔት አለ፣ ላፕቶፕ አለ። እነዚህን ደምሮ ከግሉ የክሬዲት ሰዓት ክፍያ ጎን ያላስቀመጠ ቤተሰብ አወዳደርኩ ማለት አይችልም።

በግሉ በኩል ያለው ተቃራኒ ስህተት የመጀመሪያ ሴሚስተርን ክፍያ ብቻ አይቶ መመዝገብ ነው። ክፍያ ይጨምራል። የመመዝገቢያ፣ የላብራቶሪ፣ የድጋሚ ኮርስ የሚባሉ አሉ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ብር አልቆ የሚያቋርጥ ተማሪ ከሁለቱም የወጣ ነው። የአራቱን ዓመት ጠቅላላ ወጪ በጽሑፍ የማይሰጥ ተቋም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ራሱም አልወሰነም ማለት ነው።

ከገንዘቡ በላይ ግን የሚዘነጋው የዲፓርትመንት ነገር ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለት ጊዜ ይመደባል። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን ይሞላል፤ ምደባው ግን የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ከፍሬሽማን በኋላ ደግሞ በጂፒኤ ተወዳድሮ ዲፓርትመንት ይይዛል። ፋርማሲ አስቦ የገባ ልጅ ያላሰበው ክፍል ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ያላሰበውን ሦስት ዓመት ተምሮም ይወጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በራሱ ፈተና መቀበል ጀምሯል፤ ይህ ጥሩ ጅምር ነው። በግሉ ተማሪው የፈለገውን ይዞ ይገባል። ሆኖም «የፈለገውን» ሲባል ዝርዝሩ አጭር ነው፦ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ፣ ነርሲንግ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ፊዚክስ ወይም ጂኦሎጂ መማር የሚፈልግ ልጅ ምርጫው አስቀድሞ ተወስኖለታል፤ ውድ ላብራቶሪ የሚጠይቀውን የግሉ ዘርፍ በአብዛኛው አይነካውም። በተቃራኒው አካውንቲንግ መማር ለሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ከቤቱ እየተመላለሰ በአንድ ጥሩ የግል ተቋም መማር ከ700 ኪሎ ሜትር ርቀት ካለ አዲስ ግቢ የሚያንስበት ምክንያት ግልጽ አይደለም። አስተማሪው እንኳ ብዙ ጊዜ ያው ሰው ነው፤ ቀን በመንግሥቱ ያስተማረውን ኮርስ ማታ በግሉ ይደግመዋል።

ርቀቱን ስናነሣ የእናትየውን ፍርሃት እንደ ልቅሶ መቁጠር ነውር ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታግተው ቤተሰብ የማስለቀቂያ ገንዘብ ሲጠየቅ አገር ሰምቷል። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ልጅን ቅርብ ለማስተማር ብር መክፈል ቅንጦት አይደለም። የሚያሳዝነው ይህን መክፈል የማይችለው ቤተሰብ ነው፤ ለእርሱ «የመንግሥት ወይስ የግል» የሚባል ጥያቄ የለም።

የግል ለመረጠ ደግሞ ብር ከመክፈሉ በፊት የሚሠራው አንድ ሥራ አለ። የዕውቅና ፈቃድ ለተቋሙ ስም በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለመደበኛው፣ ለማታውና ለርቀቱ ለየብቻ ነው። ዋናው ካምፓስ ፈቃድ ያለው ተቋም ቅርንጫፉ ላይ ላይኖረው ይችላል። ማስታወቂያው ግን ይህን አይለይም። ማረጋገጫው ያለው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ነው እንጂ ሬጅስትራሩ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ወረቀት አይደለም። ባለሥልጣኑ የግል ተቋማትን እንደገና ሲመዘግብ ከመስመር የወጡ አሉ፤ ተማሪዎቻቸውም ማስረጃ ይዘው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ታይተዋል።

እዚህ ላይ መንግሥትም ተጠያቂ ነው። የመውጫ ፈተናው በኮምፒዩተር ነው የሚሰጠው፤ ውጤቱ በተቋም፣ በዲፓርትመንትና በትምህርት መርሐ ግብር ተለይቶ ሚኒስቴሩ እጅ አለ። ሕዝብ የሚሰማው ግን በአብዛኛው አጠቃላይ ድምሩን ነው፤ የመንግሥት ይህን ያህል፣ የግል ይህን ያህል። ነርሲንግ ለመማር ያሰበች ልጅ የምትፈልገው ይህን አይደለም። በምትገባበት ተቋም ባለፉት ዓመታት ስንት የነርሲንግ ተማሪ ተፈትኖ ስንቱ እንዳለፈ፣ ስንቱ ደግሞ ሳይፈተን መንገድ ላይ እንደቀረ ነው። ያለፈውን ብቻ መንገርም አይበቃም፤ ደካማውን ከፈተና በፊት አስወጥቶ መቶ ከመቶ የሚያሳልፍ ተቋም ሊኖር ይችላልና።

ይህን ሰንጠረዥ በቴሌግራም ለመልቀቅ አዲስ ሕግም አዲስ በጀትም አያስፈልግም። የምርጫ ፎርም ከመከፈቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ቢወጣ፣ ከላይ የተጠቀሰው ዘመድ ቡናው ላይ 62 እና 17 ሲል ልጅቱ ስልኳን አውጥታ የራሷን ዲፓርትመንት ቁጥር ልታሳየው ትችላለች።