ማስጠንቀቂያው የሚናገረውና የማይናገረው

በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ያወረሱን ሠላሳ ያህል የቪዲዮ ካሴቶች አሉ። ገሚሱ ፊልም፣ ገሚሱ የአናቶሚና የቀዶ ሕክምና ትምህርት ነው። ባለፈው ወር ስብሰባችን፣ የትምህርቶቹን ካሴቶች ሳይበላሹ ወደ ኮምፒዩተር እንገልብጣቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንዱን ካሴት ዴክ ውስጥ ስንከተው ግን ከትምህርቱ በፊት የኤፍ.ቢ.አይ. ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፤ እስከ 5 ዓመት እስራት፣ እስከ 250,000 ዶላር መቀጫ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሐሳቡም ያለ አንዳች ክርክር ወደቀ። ብዕር ያስነሣን ያ ዝምታ ነው።

ለመሆኑ ይህ ማስጠንቀቂያ ከየት መጣ? ሶኒ ቤታማክስን በ1975፣ ጄ.ቪ.ሲ. ደግሞ ቪ.ኤች.ኤስ.ን በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲያቀርቡ የሆሊውድ ኩባንያዎች መሣሪያውን በጠላትነት ተቀበሉት። ዩኒቨርሳልና ዲስኒ በ1976 ሶኒን ከሰሱ። በ1982 የፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር መሪ ጃክ ቫለንቲ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ ቪዲዮን ብቻዋን ቤት ካለች ሴት ላይ ከሚመጣው የቦስተን አናቂ ጋር አመሳሰሉት። በዚያው ዓመት ሕጉ ተሻሻለና ፊልም ሆን ብሎ ለትርፍ በብዛት እያባዛ በሚቸበችብ ሰው ላይ ቅጣቱ ወደ 5 ዓመትና 250,000 ዶላር ከፍ አለ። እኛን ያስደነገጠን ቁጥር ይህ ነው። የተጻፈው ለነጋዴው ወንበዴ ሆኖ ሳለ የሚነበበው ግን ለእያንዳንዱ ተመልካች ነው።

በጥር 1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሰው በቤቱ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀድቶ ቆይቶ ቢመለከት ጥፋት አይደለም ሲል 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ፈረደ። ፍርዱ ስለ ቴሌቪዥን እንጂ ተገዝቶ ስለሚገለበጥ ካሴት አልነበረም። ሆኖም ሕግ ሁለት ገጽ እንዳለው አሳየ። ይኸው የአሜሪካ ሕግ ለትምህርትና ለምርምር ተገቢ አጠቃቀምን ይፈቅዳል፤ ያረጀና በገበያ ምትክ የማይገኝለትን ቅጂ ቤተ መጻሕፍት እንዲገለብጥ በር ይከፍታል። ስክሪኑ ላይ ግን ስለዚህ አንድም ቃል የለም። በእንግሊዝ ካሴቶች ላይ ደግሞ ፊልሙ እንዳይታይባቸው ከተከለከሉት ቦታዎች መካከል ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና ወህኒ ቤት በስም ተዘርዝረው ነበር። በዲቪዲ ጊዜ ነገሩ ብሶ፣ ማስጠንቀቂያውን ዘልሎ ማለፍ እንዳይቻል ቁልፉ እስከ መታገድ ደረሰ።

እኛ የሕክምና ተማሪዎች ስለ ማስጠንቀቂያ የምናውቀው ነገር አለ። በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ «መርዝ ነው» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፣ መጠኑና ጥቅሙ ቢቀር፣ በሽተኛው መድኃኒቱን ጥሎ በበሽታው ይሞታል። ፍርሃትን ብቻ የሚያስተምር ማስጠንቀቂያ ግማሽ እውነት ነው።

አንዳንድ ወገኖች፣ ታዲያ የሠሪውስ ላብ? ይሉናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሰውን ፊልም አባዝቶ መሸጥ የሰውን ድካም መዝረፍ ነው፤ አዲስ አበባም ሆነ ሎስ አንጀለስ ይሠራ ለውጥ የለውም። ስለሆነም የፊልሞቹን ካሴቶች እንገልብጥ አላልንም፤ አንልምም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ማንም የማይሸጠው ትምህርት በቁም ሣጥን ውስጥ ይጥፋ ወይስ ይትረፍ?

ጊዜው እየጠበበ ነው። የመጨረሻው የቪ.ኤች.ኤስ. ዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን በ2016 አቁሟል። ቴፑም በየዓመቱ ይደክማል። ማስጠንቀቂያውን አክብረን ቁጭ ብንል አንድ ቀን የሚጠበቅ ነገር አይኖርም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የትምህርት ካሴቶቹ ከነአዘጋጃቸው ይመዝገቡ። ሁለተኛ፣ አዘጋጆቹ በደብዳቤ ፈቃድ ይጠየቁ። ሦስተኛ፣ የምንኖርበት አገር ሕግ ምን እንደሚፈቅድ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ጋር ይጣራ፤ በአሜሪካ ሕግ ፈርተን በማናውቀው ሕግ ልንኖር አይገባም። አራተኛ፣ ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና ለውይይት ይቅረብ።

ሕግን እናክብር፤ ለማክበር ግን አስቀድመን እናንብበው!