አለንጋ ቅኔ አይቆጥርም

የጎንደር የቅኔ ቤት ተማሪ የሚማረው በአለንጋና በምርቃት ነው፣ የሥነ ልቦና ሊቁ ስኪነር በአይጥ ያሳየውም ይህንኑ ነው ብሎ የጻፈው ወንድማችን ምስክሩን አላጣራም። ስኪነር ቅጣትን አጥብቆ የተቃወመ ሰው ነው! ደግሞስ ተማሪው ባለሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ሲቆጥር ማን አጠገቡ አለ? ጥላ ፈልጎ ለብቻው ይቀመጣል፤ ቃል ያነሳል፣ ቤት አልመታ ሲለው ይጥላል፣ ሰሙ ከወርቁ አልገጥም ሲል እንደገና ይጀምራል። የኔታ ገና አልሰሙም። ይህ አሠራሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶርንዳይክ በ1898 እ.ኤ.አ. በሳጥን ከዘጋባቸው ድመቶች ሙከራና ስህተት ይቀርባል፤ ድመቷ ግን ስህተቷን በሐሳቧ አታርምም። ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ፣ ማለትም ድርጊት በውጤቱ መጠንከሩ፣ ካለ ተማሪው ቅኔውን በሚያሰማበት በነገራ ላይ ነው፣ የኔታ «ይበል» ሲሉ። እሱም ቢሆን የሚያጠነክረው ልጁ ራሱ ፈልጎ ያመጣውን ነው፤ ያልተቆጠረ ቅኔ ይበል አይባልም።