ቤተሰብና ትምህርት፦ የማይጠብቀው መምህር

ዛሬ ስለ አንድ እንግዳ መምህር እናወጋለን። ይህ መምህር አይታመምም፤ ደመወዝ አይጠይቅም፤ ተማሪ ረበሸኝ ብሎም አይቆጣም። ይሁን እንጂ ተማሪው እጁን ቢያወጣ አያየውም፤ "አልገባኝም" ቢለውም አይሰማውም። ብዙዎቻችሁ እንደገመታችሁት፣ የምንናገረው ተማሪዎቻችን "ፕላዝማ" ስለሚሉት የቴሌቪዥን ትምህርት ነው።

ትምህርትን ከሩቅ ማሰራጨት ለአገራችን አዲስ ነገር አልነበረም። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበው መማር ከጀመሩ ረጅም ዘመን ሆኗል። በ1997 ዓ.ም. ግን ነገሩ በስፋትም በወጪም ሌላ መልክ ያዘ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሌሎችም ትምህርቶች በደቡብ አፍሪካ እየተዘጋጁ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መተላለፍ ጀመሩ። ሐሳቡ በጎ ነበር። የአዲስ አበባው ልጅና የቡሬው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ፣ ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪም የኬሚስትሪውን ሙከራ ቢያንስ በዓይኑ እንዲያይ ታስቦ ነው። በቂ መምህር ለማይገኝለት ገጠርም መፍትሔ ይሆናል ተብሎ ነበር።

ታዲያ ክፍል ውስጥ ምን ሆነ? በምዕራብ ጎጃም ያስተማሩ አንድ የፊዚክስ መምህር ያጫወቱኝን ላካፍላችሁ።

"በመጀመሪያው ዓመት፣" አሉኝ፣ "ሥራዬ ማብራትና ማጥፋት ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የምትወስደው እሷ ናት፤ ለእኔ የምትተርፈኝ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ናት። ልጆቹ ደግሞ አብዛኞቹ ከጃቢ ጠህናን ገጠር የመጡ፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከቤተሰብ እየተሸከሙ የሚማሩ ናቸው። በታችኛው ክፍል በአማርኛ ሲማሩ ኖረው፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ያንን ፈጣን እንግሊዝኛ ሰሙ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና 'ቲቸር፣ እባክዎ እሷን ትንሽ ቆዪ ይበሉልን' አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አላሳቀኝም።"

"ከዚያስ ምን አደረጉ?" አልኳቸው።

"ከዚያማ የመምህሩን መምሪያ ዋዜማውን ማንበብ ያዝኩ። ነገ ስርጭቱ የሚያነሣቸውን ከባድ ቃላት አስቀድሜ ከነአማርኛ ፍቺያቸው ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሥዕሉ ደግ ሲሆን እናያለን፤ ንግግሩ ሲሮጥባቸው ድምፁን ቀንሼ ራሴ አስረዳለሁ። እውነቱን ልንገርዎትና፣ በዚያ ዓመት ከልቤ ያስተማርኩት መብራት የሄደ ቀን ነው።"

ውድ አንባብያን፣ ይህቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። በብዙ ወጪ የተተከለ መሣሪያ እያለ፣ መምህሩ መምህር የሆኑት መሣሪያው በጠፋ ቀን ከሆነ፣ አንድ የተዘነጋ ነገር አለ ማለት ነው።

የተዘነጋው ምን እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የቀራንበትን ሎህ እናስታውስ። ሎህ የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ይጻፍበታል፤ ይታጠባል፤ ደግሞ ይጻፍበታል። እሱም በዘመኑ የትምህርት መሣሪያ ነበር። ልጁ ግን የተጻፈለትን ቀርቶ ሳያሰማ ሎሁ አይታጠብለትም። ቶሎ የያዘው ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ያልያዘው እዚያው ላይ ይቆያል። መቼ ይታጠብ የሚለውን የሚወስኑት ልጁን ፊት ለፊት የሚያዩት አስተማሪ ናቸው። ፕላዝማው ግን ሎሁን በራሱ ሰዓት ያጥብ ነበር፤ ልጁ ይያዘው አይያዘው አይጠይቅም።

ሁለተኛው የተዘነጋ ነገር ጠጋኙ ነው። ዕቃ ሲገዛ፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል የሚለው አብሮ ካልታሰበ፣ ገጠር ያለው ትምህርት ቤት ጥቁር መስተዋት ታቅፎ ይቀመጣል። ሦስተኛው መምህሩ ራሱ ነው። መምህር የሚጠቀምበትን መሣሪያ በቅድሚያ እንዲለማመድበት፣ አስተያየቱን እንዲሰጥበት፣ ሲያሻው እንዲያቆመው ካልተፈቀደለት መሣሪያውን የራሱ አያደርገውም። እንግዳ ዕቃ እንደሆነበት ይኖራል።

"ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ አይደለም ወይ?" የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ትምህርቱ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ይቀጥል ተባለ። በከተማ ቴሌቪዥን ያለው ልጅ ጥቂትም ቢሆን ተከታተለ፤ መብራት የሌለበት ቀበሌ ልጅ ግን ከብት ሲጠብቅ ከረመ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በስልክ ማስተማር የለመዱ መምህራን እንኳ እጃቸው ታሰረ።

በዚህ መካከል ፈተናው አልቆመም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ በኮምፒውተር መፈተን ጀምረዋል። እስቲ አስቡት፤ የቡሬ ገጠር ልጅ፣ በበርበሬ ለቀማና በበቆሎ ማሳ መካከል እያጠናች እዚህ የደረሰች፣ ማውዝ የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጨብጠው በፈተናው ዕለት ቢሆንስ? መልሱን እያወቀች በጣቷ ብትሳሳት ፍርዱ ትክክል ይሆናል?

ታዲያ ምን እናድርግ? መንግሥት የሚጠበቅበት እንዳለ ሆኖ፣ በእኛ አቅም የሚቻለውን እንይ።

ለመምህራን፦ ዛሬ በኪሳችሁ ያለው ስልክ ከፕላዝማው የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ስታቆሙት ይቆማል። ከተማ ስትወጡ፣ ኔትዎርክ ባለበት፣ አጭር የትምህርት ቪዲዮ አውርዳችሁ በሚሞሪ ካርድ ያዙ። ከማሳየታችሁ በፊት ተማሪዎቹን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ መሐል ላይ አቁማችሁ "ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?" በሉ፤ ሲያበቃም አንዱ ልጅ ለሌላው በአማርኛ ያስረዳ። ካልገባቸው መልሳችሁ አሳዩ። ስልክ የሌለው ልጅ እንዳይገለል በአንድ ስልክ አራት አምስት ሆነው ይመልከቱ። መብራት ቢጠፋም የምትጨርሱበትን ጠመኔና ሰሌዳ አዘጋጅታችሁ ግቡ።

ለወላጆች፦ ስልክን ፈጽሞ መከልከልም፣ ያለ ጠባቂ መስጠትም ሁለቱም ይጎዳል። ልጁ የሚያጠናበት ሰዓት ይወሰን፤ ሳሎን ተቀምጦ ይመልከት፤ ሲጨርስም "እስቲ ያየኸውን አስረዳኝ" በሉት። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ይህን መጠየቅ ትችላለች። ልጁ ማስረዳት ካልቻለ አይቷል እንጂ አልተማረም። ሴት ልጆቻችሁንም አትርሱ። ስልኩ ለወንዱ፣ ውኃ መቅዳቱ ለሴቷ ከሆነ፣ ፈተናው ቀን ላይ ልዩነቱን የፈጠርነው እኛው ነን።

ለወጣቶችና ለማኅበረሰቡ፦ ዩኒቨርሲቲ ደርሳችሁ ለእረፍት የምትመጡ ልጆች ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑ። በሳምንት ሁለት ቀን ለሰፈራችሁ ተፈታኞች ማውዝ አያያዝና መተየብ ብታስለምዱ ትልቅ ስጦታ ነው። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ነጋዴዎችም ተሰባስባችሁ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ለአንድ ትምህርት ቤት ብትገዙ ያንሳል አይባልም፤ ነገር ግን የሚጠግነውን ሰው አብራችሁ አስቡ።

ያቺ ተማሪ "እሷን ትንሽ ቆዪ ይበሉልን" ያለችው ክፍሉን ለማሳቅ አልነበረም። የትኛውም አዲስ መሣሪያ ወደ ክፍል ሲገባ ቀድመን ልንጠይቀው የሚገባንን ነው የተናገረችው፦ ይህ ነገር ልጄን ይጠብቃታል ወይስ ጥሏት ይሄዳል?