ውርርድን በእጥፍ ማሳደግ ያዋጣልን?

ሰንጋ ተራ ስሙ የከብት ገበያን ያስታውሳል፤ ዛሬ ግን የባንኮች ረጃጅም ሕንፃዎች መገኛ ነው። በ2010ዎቹ የስፖርት ውርርድ፣ በተለምዶ «ቤቲንግ»፣ በአዲስ አበባ ሲስፋፋ አንድ እምነት አብሮ ተስፋፍቷል፦ «በተሸነፍክ ቁጥር ውርርድህን እጥፍ አድርግ፤ አንድ ጊዜ ማሸነፍህ ስለማይቀር ኪሳራህ ሁሉ ይመለሳል» የሚል። ይህ እምነት ስሕተት መሆኑን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል።

ለዚህ ግልጹ ምሳሌ ሩሌት ነው። የአውሮፓው ሩሌት 37 ቁጥሮች አሉት፤ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁርና አንድ አረንጓዴ ዜሮ። በቀይ የሚወራረድ ሰው ከ37 ዙር በአማካይ 18ቱን ያሸንፋል፤ 19ኙን ይሸነፋል። በዚህም ከየ100 ብሩ 2.70 ብር ያህል ለአጫዋቹ ቤት ይቀራል።

አንድ ተጫዋች 1,270 ብር ይዞ በ10 ብር ቢጀምርና እየተሸነፈ እጥፍ ቢያደርግ፣ ገንዘቡ በሰባተኛው ተከታታይ ሽንፈት ያልቃል። ይህ የመድረሱ ዕድል 0.94 በመቶ ነው፤ ኢምንት ይመስላል። ሆኖም 10,000 ጊዜ ቢሞከር በ9,906ቱ 99,060 ብር ይገኛል፤ በቀሪው 94 ደግሞ 119,380 ብር ይጠፋል። ስልቱ የኪሳራውን መልክ ለወጠ እንጂ ኪሳራውን አላስቀረም።

በቤቲንግም ሕጉ ያው ነው። ዕድላቸው እኩል ለሆነ ሁለት ውጤቶች በ2.00 ፈንታ 1.90 ቢከፈል፣ የቤቱ ድርሻ ከ100 ብር 5 ብር ይሆናል። እንዲህ ያሉ አምስት ጨዋታዎች በአንድ ትኬት ሲጣመሩ ግን ድርሻው ወደ 23 ብር ያድጋል።

«ሩሌትን ያሸነፉ ሊቃውንት የሉምን?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድዋርድ ቶርፕና ክሎድ ሻነን በሰውነት ላይ የሚያዝ ኮምፒዩተር ሠርተው በላስ ቬጋስ ሞክረዋል። እነርሱ ግን የኳሷን ፍጥነት ለክተው የምታርፍበትን ስፍራ ተነበዩ እንጂ በውርርዱ መጠን አልተራቀቁም።

በእኔ አስተያየት የሁለተኛ ደረጃ የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ከሳንቲምና ከዳይስ አልፎ ይህን ስሌት ሊያስተምር ይገባል። በእያንዳንዱ ሰንጋ የሚከስር ነጋዴ የሰንጋውን ቁጥር በመጨመር አያተርፍም፤ ተማሪውም የወር ቀለቡን ከማስያዙ በፊት ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።