አስቀድሞ ፍሬን፤ ቀጥሎ ሞተር

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ወጪ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት ስምምነት መነጋገራችን የተለመደ ነው። የዛሬው ነገራችን ከሦስቱም ጋራ የተያያዘ ሲሆን የሚጀምረው ግን ከአንድ አሮጌ መኪና ነው።

በሎስ አንጀለስ ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት በላኩልን ደብዳቤ እንዲህ ሲሉ ያስረዳሉ። 17 ዓመት የሞላው ልጃቸው ቅዳሜና እሑድ እየሠራ ካጠራቀመው ገንዘብ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1930 ዓ.ም. የተሠራ፥ ሞተር የሌለው ባለ አራት በር ፎርድ ገዝቶ ከቤታቸው ጋራዥ አስገብቷል። አሳቡም ሆት ሮድ የሚባለውን ፈጣን መኪና በገዛ እጁ ለመሥራት ነው። አባትዮው የታክሲ ነጂ ስለ ሆኑ የመኪናን አደጋ በየጊዜው የሚያዩ ናቸውና፥ «ይህ ብረት ወይ ገንዘብህን ይበላል፥ ወይ አንተን ይበላል» ብለው ከተናገሩ ወዲህ፥ አባትና ልጅ በአንድ ማዕድ ቀርበው አይነጋገሩም። እናቲቱም፥ «ልከልክለው ወይስ ልተወው?» ሲሉ ይጠይቁናል።

እመቤቴ ሆይ፤ ምክራችን ከሁለቱም የተለየ ነው። አይከልክሉት፤ እንዲሁም አይተዉት። ልጅዎ ይሥራ፤ ነገር ግን በሥርዓት ይሥራ። ሥርዓቱ ምን እንደ ሆነ ከመናገራችን በፊት ግን፥ ይህ ሥራ እንዴት እንደ ተጀመረ ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። ከዚህ ጀምሮ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሆት ሮድ የተወለደው እርስዎ በሚኖሩበት በደቡብ ካሊፎርንያ ነው። አባቶቹም ባለጠጎች አልነበሩም። በ1930ዎቹ ዓመታት ሥራ በጠፋበት ዘመን፥ አዲስ መኪና ለመግዛት ያልቻሉ ወጣቶች ሰው የጣላቸውን አሮጌ ፎርዶች በጥቂት ገንዘብ እየገዙ ያፈጥኗቸው ጀመር። በ1932 ዓ.ም. የፎርድ ኩባንያ ስምንት ሲሊንደርና 65 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተር ለተራው ሰው በሚቀርብ ዋጋ ባወጣ ጊዜ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ሞተር ከተሰበሩ መኪኖች ግቢ በርካሽ ይገኝ ስለ ነበረ፥ ለእነዚህ ወጣቶች ትልቅ ሲሳይ ሆነላቸው። መኪናቸውንም ወደ በረሃ እየወሰዱ፥ ውሃቸው ደርቆ እንደ ወለል በተስተካከሉት በሙሮክና በኤል ሚራዥ ሐይቆች ላይ ፍጥነቱን ይለኩ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ ኤድ ኢስከንደሪያን የአርመን ስደተኞች ልጅ ነበረ። አሮጌ ሞዴል ቲ ፎርድ በእጁ አድሶ ለበረሃው ሩጫ አበቃው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ፥ ማለት ካምሻፍት፥ ለማግኘት ብዙ ወራት መጠበቅ ግድ ቢሆንበት፥ ያገለገለ የብረት መሞረጃ መኪና ገዝቶ ለዚሁ ሥራ እንዲስማማ አድርጎ ለወጠው። ከዚያም የተነሣ ስሙ በዓለም የታወቀ የካምሻፍት ፋብሪካ አቋቋመ። ስለዚህ፥ እመቤቴ ሆይ፥ በስደተኛ ቤት ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ ሁሉ የጥፋት ድምፅ አይደለም።

እነዚያ ወጣቶች ያወቁት ዋና ጥበብ አንድ ነው፤ ይኸውም ገንዘብ ያነሰው ሰው በመጨመር ፈንታ በመቀነስ እንደሚያፈጥን ነው። ለበረሃው ሩጫ ፓራፋንጎውን፥ የፊት መብራቱን፥ መስታወቱንና የማያስፈልገውን ብረት ሁሉ ይፈቱ ነበር። ሒሳቡ ለማንም ግልጽ ነው። 1,000 ኪሎ የሚመዝንና 100 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ለእያንዳንዱ ጉልበት 10 ኪሎ ይደርስበታል። ከመኪናው 200 ኪሎ ቢቀነስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 8 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ክብደቱ ሳይነካ ይህን ያህል ለማግኘት ግን 125 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር መግዛት ያሻል። መቀነስ የሚጠይቀው የመፍቻና የላብ ዋጋ ነው፤ መጨመር ግን ገንዘብ ነው። ደግሞም የቀለለ መኪና በቶሎ ይቆማል።

ከዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገራችን እንደርሳለን። ልጅዎ የገዛው ሞዴል ኤ ፎርድ በተሠራበት ጊዜ ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ፍሬኑም በዘይት ግፊት ሳይሆን በብረት ዘንግ እየተሳበ የሚሠራ ነበር። ፎርድ በዘይት የሚሠራ ፍሬን የጀመረው በ1939 ዓ.ም. ሞዴል ነው፤ ወጣቶቹም ያን ፍሬን እየፈቱ በአሮጌዎቹ መኪኖቻቸው ላይ ይገጥሙት ነበር። ምክንያቱም፥ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ማይል የሚሮጥ መኪና፥ 30 ማይል ከሚሮጠው ይልቅ ለመቆም አራት ጊዜ ያህል የረዘመ መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ ሞተሩን አበርትቶ ፍሬኑን እንዳለ የተወ ሰው ፈጣን መኪና ሠራ አይባልም፤ አደጋ ሠራ እንጂ።

የወጣት ልብ ግን ወደ ሞተር ያዘነብላል፤ ሞተር ድምፅ አለው፥ ፍሬን ግን ዝም ያለ ነገር ነውና። ገንዘቡን ሁሉ በሞተር ላይ ከጨረሰ በኋላ ለፍሬን የሚተርፈው ያረጀና የተለጠፈ ዕቃ ይሆናል። ይህ እንዳይሆን፥ ገንዘቡን ገና ሳይነካው በ10 ክፍል እንዲከፍለው እንመክራለን። 3ቱ ክፍል ለፍሬን፥ ለመሪና ለጎማ፤ 3ቱ ለሞተርና ለካምቢዮ፤ 2ቱ ለኤሌክትሪክ፥ ለቤንዚን መስመር፥ ለመብራትና ለመቀመጫ ቀበቶ ይሁን። የቀሩት 2ቱ ሳይነኩ ይቀመጡ፤ አሮጌ ብረት ሲፈታ ያልታሰበ ነገር ሳያወጣ አይቀርምና። ለቀለምና ለጌጥ አንዳች አልመደብንም። መኪናው ሄዶ ከቆመ በኋላ ይደርሱበታል።

በቍጠባ የሚገኘውና የማይገኘው ነገር ተለይቶ መታወቅ አለበት። ባለ አራት በሩ አካል ከባለ ሁለት በሩ ይልቅ ዋጋው ያነሰ ስለ ሆነ ልጅዎ በዚህ ብልኅነት አድርጓል። ሞተሩን፥ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ለየብቻ ከመግዛት፥ አካሉ ተጋጭቶ ሞተሩ የተረፈ አንድ ሙሉ መኪና ገዝቶ የሚፈልገውን መፍታትና የተረፈውን መሸጥ ይረክሳል። ከመግዛቱም በፊት የሲሊንደሮቹ ግፊት በመለኪያ ይታይ፤ አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ካነሰ ሞተሩ የተጐዳ ነው። መቀመጫ፥ ራዲያተርና ቸርኬ ያገለገለ ቢሆን ተመርምሮ ይያዛል። ነገር ግን የፍሬን ቱቦና ሸራ፥ የመሪ መገጣጠሚያ፥ የቤንዚን ጎማ ቱቦና የመቀመጫ ቀበቶ አዲስ ይሁን። ጎማም ጥርሱ ጥልቅ ስለ ሆነ ብቻ ደኅና ነው አይባልም። በጎኑ ላይ ካሉት አራት አኃዞች የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ያረጀ ጎማ ሳይታሰብ ይፈነዳል።

ሻንሲውም ለ40 የፈረስ ጉልበት የተሠራ መሆኑ አይዘንጋ። ብርቱ ሞተር የሚጫንበት ከሆነ በብረት ሰሌዳ መጠናከር ያስፈልገዋል። ልጅዎ ብየዳን በወዳደቀ ብረት ላይ ይማር፤ የሻንሲውን፥ የፍሬኑንና የመሪውን ብየዳ ግን ለባለሙያ ይስጥ። ቤንዚን የነበረበትን ጋን ባዶ ነው ብሎ ከቶ አይበይድ፤ በውስጡ የቀረው ተን ይፈነዳልና። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር አይግባ፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ያቁምለት። የጋራዡ በር ተዘግቶም ሞተር አያስነሣ፤ የጭሱ መርዝ ሽታ የሌለው ስለ ሆነ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል።

ሕግም አለ። መኪናው ከመፈታቱ በፊት የባለቤትነት ወረቀቱና በሻንሲው ላይ የተመታው ቍጥር መስማማታቸው ይታይ፤ ወረቀት የሌለው መኪና በመጨረሻ መንገድ ላይ የማይወጣ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለ ፓራፋንጎ፥ ስለ መብራትና ስለ ጭስ የተደነገገውም በየግዛቱ ይለያያልና አስቀድሞ ይጠየቅ።

የሚሮጥበትም ስፍራ የታወቀ ይሁን። በ1930ዎቹ ወጣቶች በከተማ መንገድ ላይ በመሽቀዳደማቸው ስማቸው ከፍቶ ነበር። ከመካከላቸው አስተዋዮቹ ግን በ1937 ዓ.ም. የደቡብ ካሊፎርንያ የፍጥነት መለኪያ ማኅበርን መሠረቱ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ዋሊ ፓርክስ ሩጫውን ከጎዳና አውጥቶ በተለየ ስፍራና በደንብ እንዲሆን የብሔራዊ ሆት ሮድ ማኅበርን አቋቋመ። በኤል ሚራዥ ዛሬም ይሮጣል፤ ፍጥነት የሚወድ ሁሉ መኪናውን አስመርምሮ ወደዚያ ይሂድ።

አሁን ወደ ማዕዱ እንመለስ። አባት ገንዘብ ባይሰጡ ዓይናቸውን ይስጡ። ስንት ዓመት ሲነዱ የኖሩ ሰው ስለ ፍሬን የሚያውቁትን ልጁ ከመጽሐፍ አያገኘውም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል አንድ ውል ይሁን፤ ፍሬኑ፥ መሪውና ጎማው ተፈጽሞ አባት ራሳቸው ሳያዩት ለሞተር የተመደበው ገንዘብ አይነካ። የፍሬኑን ፔዳል በኃይል ተጭነው አንድ ደቂቃ ያህል ይያዙት፤ ቀስ እያለ ከወረደ ዘይቱ የሚያፈስበት ቦታ አለ። ሞተሩ ከገባ በኋላም በባዶ ሜዳ ላይ በሰዓት በ10፥ ቀጥሎ በ20፥ ቀጥሎም በ30 ማይል ሲቆም ወደ አንድ ወገን እንዳይስብ ይመልከቱ።

እርስዎም፥ እመቤቴ ሆይ፥ የሒሳቡን ደብተር ይያዙ። ከዕቁብ አይውሰዱለት፥ ብድርም አይፍቀዱለት፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናልና። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ሥራው ይቁም፤ በተገኘ ጊዜ ይቀጥል። ሁለት ዓመት ቢፈጅ ምንም አይደለም፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏል። በነዚያ ሁለት ዓመታት አባትና ልጅ በአንድ መኪና ሥር አብረው ከተኙ፥ በማዕዱ የሚነጋገሩበት አያጡም።

የፍሬኑ ፈተና የተደረገ ዕለት ውጤቱን ቢጽፉልን ደስ ይለናል።